ፀሐይ የወጣበት ጠዋት፦ ስለ ሰሜን ባሕር ወጀብ

(ንግግሩን ትንሽ አስተካክዬ ነው የጻፍኩት። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል፣ አይማውዝ የምትባል ትንሽ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ሄጄ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ነች፤ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ሰሜን ባሕር ላይ። ጠዋት ወደ ወደቡ ስወርድ ፀሐይ ወጥታለች። ባሕሩ ለጥ ብሏል። ሰማዩ ላይ ያለው በጣም ከፍ ያለ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳ ደመና ብቻ ነው። ጀልባዎቹ ግን አንዳቸውም አልወጡም። በድርብ ገመድ ታስረው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ገመድ ሲያጠብቁ አየሁና "አባቴ፣ ዛሬ በዓል ነው እንዴ?" አልኳቸው። ቀና ብለው ደመናውን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ማታ ይመጣል ልጄ" አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስለ ወጀብ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው የማዕበሉን ቁመትና የነፋሱን ጉልበት ነው። እኔን የያዘኝ ያ ጠዋት ነው። በዚያ ቀዝቃዛ ጠረፍ ብዙ ሰው ያለቀው ጠዋቱ መልካም በነበረባቸው ቀኖች ነው። ዓይንህ ፀሐይ እያየ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈን ወይም ሬዲዮ ላይ የተነገረን ማስጠንቀቂያ አምነህ ከሥራ መቅረት በጣም ከባድ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ክብደት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር እንይ፤ ካላወቅነው ያ የሳሳ ደመና ምን እያለ እንደነበር አይገባንም።

ወጀቡ ለምን በመጸው ማብቂያ ይበረታል? ውሃ ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ጁን ላይ ፀሐይ ለረጅም ሰዓት ብትቆይም የሰሜን ባሕር ውሃ በጣም የሚሞቀው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ሲደርስ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ገና አልጨረሰም። በሌላ በኩል ዋልታው አካባቢ ፀሐይ እየራቀች ነው። ሰሜን ኖርዌይ ያለችውን ትሮምሶን ውሰዱ፤ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። እዚያ ያለው አየር በፍጥነት ይበርዳል። እንግዲህ ከደቡብ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከሰሜን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። ልዩነታቸው በሰፋ ቁጥር ከላያቸው፣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልበው የነፋስ ወንዝ ይበረታል። ሁለቱ አየሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ትንሽ መጠማዘዝ ትጀምራለች፤ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ላይ ይወጣል፣ ከሥር ግፊቱ ይወርዳል፣ አየር ወደዚያ ጉድለት እየተሽከረከረ ይሮጣል። በቃ፣ ወጀብ ተወለደ ማለት ነው። አንዳንዴ ግፊቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በ24 ሚሊባርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ባለሙያዎቹ እንዲህ ዓይነቱን "ቦምብ" ይሉታል፤ እኔ ቃሉ የተጋነነ አይመስለኝም።

ጠረፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ያ ከፍ ያለ ስስ ደመና ይመጣል። አንዳንዴ ፀሐይዋን ወይም ጨረቃዋን ቀለበት ይከባታል። ከዚያ ደመናው እየወፈረ፣ እየወረደ ይሄዳል፤ ነፋሱ ከደቡብ መንፈስ ይጀምራል፤ የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር ይወርዳል። ዝናቡ ይጀምራል፣ ውሽንፍሩ ከጎን ይገርፋል። ትንሽ ቆይቶ አየሩ ለብ ይላል፣ ዝናቡም ወደ ካፊያ ይቀየራል። ሰው "አለፈ" ብሎ ይተነፍሳል። ያኔ ነው ቀዝቃዛው አየር በድንገት የሚደርሰው። ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ይዞራል፣ ይበረታል፣ ቀድሞ ከደቡብ የተነሳውን ማዕበል በሌላ አቅጣጫ ይመታዋል። ሁለት ማዕበል ሲጋጭ የሚፈጠረውን ባሕር ትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ያየ ሰው አይረሳውም።

አሁን ወደ አይማውዝ ልመለስ፤ ዓመቱ ግን 1881 ነው።

ኦክቶበር 14፣ ዓርብ። ከዚያ በፊት ለቀናት አየሩ ተበላሽቶ አስጋሪዎቹ ከወደብ አልወጡም። ደሞዝ የሚባል ነገር እንደሌለ አስቡ። ጀልባው ካልወጣ ገቢ የለም። ለዓሣው ማማለያ ሴቶቹና ልጆቹ መንጠቆ በመንጠቆ የሰኩት ምግብ ደግሞ በቆየ ቁጥር ይበላሻል። ያን ዕለት ጠዋት አየሩ ጥርት ብሎ ነጋ። ባሕሩ ረጋ። ባሮሜትሩ ግን በጣም ወርዶ ነበር። አስጋሪዎቹ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሞኞች አልነበሩም። ነገር ግን ስንት ቀን ሙሉ ከልክሏቸው የነበረው ባሕር ዛሬ ክፍት ሆኖ ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ አንዱ ጀልባውን ሲፈታ ሌላው ቆሞ ማየት ይከብደዋል። ወጡ።

እኩለ ቀን ገደማ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱም እንደ ግድግዳ መጣ። ሸራ የሚያወርዱበት ጊዜ እንኳ ያላገኙ ነበሩ። የቻሉት ወደ ቤት ለመመለስ ሞከሩ። የአይማውዝ ወደብ መግቢያ ላይ ሐርካር የሚባሉ ቋጥኞች አሉ፤ ብዙዎቹ የተሰባበሩት እዚያው፣ ወደቡ አፍ ላይ ነው። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ዳር ቆመው እያዩ። በአንድ ጀልባ ላይ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም አብረው ነበር የሚሠሩት፤ ስለዚህ አንድ ጀልባ ሲጠፋ አንድ ቤት ወንድ አልባ ይሆናል። በዚያ ጠረፍ በጠቅላላው 189 አስጋሪዎች ሞቱ። ከነሱ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ናቸው። ይህን ቁጥር ስናገር ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ማለት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ብዙ ያስተማረኝ ስለሆነ። አሪየል ጋዜል የምትባል ጀልባ ወደ ወደቡ ለመግባት አልሞከረችም። ክፍት ባሕር ላይ ስትታገል ቆይታ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ሰዎቿን ይዛ ተመለሰች። እንዴት ብትሉ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ማዕበል ረጅምና ሰፊ ነው፤ ጀልባ ትወጣበታለች፣ ትወርድበታለች። ውሃው ጥልቀት እያጣ ሲሄድ ግን የማዕበሉ እግር ከወለሉ ጋር ይጋጫል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ይደርስበታል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይደረመሳል። ቤት የሚባለው ቦታ፣ ወደቡ አፍ፣ ከሁሉ የከፋው ቦታ ይሆናል። ወደ ቤት መሮጥ የማንኛችንም የመጀመሪያ ስሜት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከቤት መራቅ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስባለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የወጀብ ማስጠንቀቂያ የሚባለው ነገር ከተጀመረ 20 ዓመት ሆኖት ነበር። አጀማመሩም ከሌላ የኦክቶበር ሌሊት ጋር የተያያዘ ነው።

በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያ ከሜልቦርን ተነስታ ሊቨርፑል ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል። የተሳፈሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከወርቅ ማዕድን የሚመለሱ ናቸው፤ ወርቃቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁም ነበሩ። ኦክቶበር 25 ሌሊት ነፋሱ ዞሮ በረታ፣ መልህቁ አልያዘም፣ ንጋት ላይ መርከቧ ከዌልስ ሰሜን ካለችው አንግልሲ ደሴት ቋጥኝ ላይ ተፈጠፈጠች። መሬቱ ቅርብ ነበር፣ በጣም ቅርብ። አንድ የማልታ ተወላጅ መርከበኛ ገመድ ይዞ ዋኝቶ ዳር ደረሰ፤ በዚያ ገመድ የተረፉ አሉ። ወደ 450 ሰው ግን አለቀ። ከሴቶችና ከሕፃናት አንድም አልተረፈም። በዚያው ወጀብ በብሪታንያ ዙሪያ ከመቶ በላይ መርከቦች ጠፍተዋል።

ያኔ የመንግሥት የአየር ጠባይ ክፍል ኃላፊ ሮበርት ፊትዝሮይ ይባላል። ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችውን ቢግል የተባለች መርከብ ያዛት የነበረው ካፒቴን ራሱ ነው። ፊትዝሮይ ወጀቡን ከመዝገብ መዝገብ እያመሳከረ አጠናውና አንድ ነገር ተገለጠለት፦ ወጀብ ይጓዛል። እዚህ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ ነበር። ቴሌግራፍ ደግሞ ከወጀብ ይፈጥናል። እንግዲያው አንዱ ጠረፍ ያየውን ለሌላው መንገር ይቻላል! ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፣ ያኔ ግን ትልቅ ግኝት ነው። በ1861 ከጠረፍ ጣቢያዎች መረጃ እየሰበሰበ ለወደቦች ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። ወደቡ ላይ ምሰሶ ተተክሎ ሾጣጣ ምልክት ይሰቀላል፤ ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ነፋሱ ከሰሜን፣ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ ይመጣል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያው ለሕዝብ የተነገረ የአየር ትንበያ ወጣ።

ከዚያ ምን ሆነ? ተቃውሞ መጣ። ትንበያው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ጋዜጦች ይስቁበታል። የዓሣ ጀልባ ባለቤቶች ምልክቱ በተሰቀለ ቁጥር ጀልባ ስለሚቆምባቸው ኪሳራ ነው አሉ። አዩት? ያው ጠዋት ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ምልክት ተሰቅሎ፣ ገንዘብ እየቀረ። ፊትዝሮይ በኤፕሪል 1865 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ብዙ ነገር ተደራርቦበት ነበር፤ ምክንያቱን አንድ ነገር ላይ ብቻ መጫን አልፈልግም። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1866፣ ማስጠንቀቂያው ሳይንሳዊ መሠረት ይጎድለዋል ተብሎ ቆመ። ነገር ግን ባሕር ላይ ያሉት ሰዎች ይመለስልን አሉ፣ በ1867ም ተመለሰ። እኔ ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። በቢሮ ያሉት አይጠቅምም ያሉትን በውሃ ላይ ያሉት ፈልገውታል። ዛሬ ከስፔን ሰሜን ምዕራብ ያለ አንድ የባሕር ክልል በብሪታንያ የመርከበኞች ትንበያ ላይ ፊትዝሮይ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ የተሰጠው በ2002 ነው።

ያ ትንበያ አሁንም ሬዲዮ ላይ ይነበባል። 31 የባሕር ክልሎች አሉት፦ ቫይኪንግ፣ ፎርቲስ፣ ዶገር፣ ጀርመን ባይት፣ ፌር አይል... እያለ ይሄዳል። የቃላቱ ጥንቃቄ ይገርመኛል። ወጀቡ "ተቃርቧል" ከተባለ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው፤ "በቅርቡ" ከተባለ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፤ "በኋላ" ከተባለ ከ12 ሰዓት በላይ ይቀረዋል። መረብ እየጎተተ ላለ ሰው በእነዚህ ሦስት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ሕይወት ነው።

ኖርዌይም የራሷ ድርሻ አላት፣ በአጭሩ ልንገራችሁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከብሪታንያ ይመጣ የነበረው የአየር መረጃ ተቋረጠ። ወጀቡ ደግሞ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። ቪልሄልም ቢየርክነስ የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1917 በርገን ወደምትባለው የኖርዌይ ከተማ መጥቶ ነበር፤ በ1918 በጋ በአገሩ ላይ ብዙ ተመልካች አሰማራ፣ ለገበሬና ለአስጋሪ የሚሆን ትንበያ ለመሥራት። መረጃው እንዲህ ሲቀራረብ ከዚያ በፊት በደንብ ያልታየ ነገር ታየ፤ በሞቃቱና በቀዝቃዛው አየር መካከል ስለታም መስመር አለ። ልጁ ያኮብ በ1919 ስለዚህ ጻፈ። መስመሩንም "ግንባር" አሉት፣ እንደ ጦር ግንባር። ቅድም ነፋሱ በደቂቃዎች ይዞራል ያልኳችሁ ያ ግንባር ሲያልፍ ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ እውቀት ካለ ዛሬ ችግሩ አልቋል? አላለቀም።

ኖቬምበር 26 ቀን 2021 አርዌን የተባለው ወጀብ መጣ። የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ለስኮትላንድ ምሥራቅ ጠረፍና ለእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከሁሉ የከፋውን፣ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ቤት መብራት ጠፋበት፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ወደቀ። ዛፉ ያን ያህል የወደቀበት አንዱ ምክንያት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ መምጣቱ ነው። እዚያ ከባድ ነፋስ የለመደው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ዛፍ ሲያድግ ሥሩን የሚያጠነክረው በለመደው በኩል ነው።

ከአይማውዝ ወደ ሰሜን ትንሽ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ሴንት አብስ ሄድ የሚባል ገደል አለ። ኖቬምበር እዚያ ግራጫ ሲል የሚባሉ አጥቢ የባሕር እንስሳት የሚወልዱበት ወር ነው። ግልገሎቹ ገና ነጭ ፀጉራቸውን አልጣሉም፣ ገና ባሕር ላይ መኖር አልጀመሩም። አርዌን በአንድ ሌሊት ከ800 በላይ ግልገል ከዳርቻው ጠርጎ ወሰደ። ማስጠንቀቂያ ለእነሱ አይደርስም። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም።

ለሰው ግን ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠረፍ ላይ የምትኖሩ ወይም የምትሄዱ ካላችሁ ጥቂት ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

ማዕበል ፎቶ ለማንሳት የወደብ ግንብ ላይ አትውጡ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ማዕበል እኩል እኩል አይመጣም፤ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ እግራችሁ ሥር ያልደረሰ ባሕር አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከራሳችሁ በላይ ሊያልፍ ይችላል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ሰሜን ባሕር ላይ ያለው ድራውፕነር የሚባል የጋዝ ቧንቧ መድረክ አንድ ማዕበል ለካ፤ 25.6 ሜትር። በዙሪያው የነበረው ከፍተኛ የሚባለው ማዕበል በአማካይ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ነፋሱም ቢሆን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ "ትናንት ከዚህ ትንሽ ቢያንስ ነው፣ ችዬዋለሁ" የሚባል ሂሳብ አይሠራም። ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ ደግሞ ብርዱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሳትፈልጉ አፋችሁን ከፍታችሁ ትስባላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰምጠው ያኔ ነው። አትዋኙ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ቀሪው።

ሌላም ነገር አለ። እናንተን ለማውጣት የሚመጣ ሰው አለ። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ1824 ጀምሮ የሕይወት አድን ጀልባዎች ድርጅት አለ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ያለ ደሞዝ በፈቃዳቸው የሚወጡ ናቸው። ሁሉም ጀልባ ታስሮ በሚቆምበት ሌሊት እነሱ ይፈታሉ። ለአንድ ፎቶ ብሎ እነሱን ማስወጣት ልክ አይደለም።

ያን ዕለት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከተማዋ ውስጥ ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይዋን ቀለበት ከበባት። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ፣ በዚያ ወር እዚያ ቀኑ አጭር ነው፣ ነፋሱም ጨለማውን ተከትሎ ገባ። ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ባሕሩ ዳር ባለው ሐውልት በኩል አለፍኩ። የ1881ዱ መታሰቢያ ነው፤ ትናንሽ የነሐስ ሴቶችና ልጆች ተርታ ቆመው ወደ ባሕር የሚያዩበት። አንዳንዷ ልጅ ታቅፋለች፣ አንዳንዷ ሌላዋን ይዛለች። የማዕበሉ ጨው እስከ እነሱ ድረስ እየተረጨ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ወደቡ አየሁ። ጀልባዎቹ በገመዳቸው ላይ ይናጣሉ፣ ብረት ከብረት ይንኳኳል። ቆጠርኳቸው። ጠዋት የነበሩት ሁሉ ነበሩ።